በጾም የተመረጠው ጊታር

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ጊታር መግዛታቸውን የሰማሁት ከሮማናት አደባባይ በተሳፈርንበት ታክሲ ውስጥ ነው፤ አጠገባቸው ለተቀመጠው የወሎ ነጋዴ ጊታሩን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲነግሩት።

«ድምፁን ወደዱት፣ አቦይ?» አለ ነጋዴው፣ እንደ አባት አክብሮ።

«መቼ ሰማሁት? በዐቢይ ጾም ጊታር አልመታም።»

«ታዲያ በምን መረጡት?»

«በእንጨቱ ማማር። ከወጣትነቴ ጀምሮ ስመኘው ነው የኖርኩት።»

«ድምፁ መጥፎ ቢሆንስ?»

«ባለሱቁ የሸጠውን መልሶ አይቀበልም። እንግዲህ ፋሲካ ያሳየኛል።»

«እኔ ሙስሊም ነኝ፤ አንዴ ልምታልዎት?»

«ጆሮዬን የት ላድርገው፣ ወደይ፣ ልጄ?»

«ይድፈኑታ።»

ታክሲው ጉብታ ሲዘል ክሮቹ በራሳቸው ድምፅ ሰጡ። መምህሩ ጎንበስ ብለው እስኪጠፋ አዳመጡ።

«ሰሙት አይደል?»

«እሱ የመንገዱ ነው» አሉ፣ ጊታሩን እያቀፉ።

እኔ ከፋሲካ በፊት ወደ ሰው አገር ተመልሻለሁና፣ በዚያ ታክሲ የነበራችሁ፣ መምህሩ ሲመቱት የሰማችሁ እንደሆነ እባካችሁ ንገሩኝ።