ቁጥር 14 ላይ የተሰካው ኬብል

የምስክር ቃል መቀበያ

ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ መጋቢት 18 ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡10 ሰዓት ጀምሮ
ቃሉን የተቀበለው፦ የጣቢያው የወንጀል ምርመራ ክፍል መርማሪ
የምስክሯ መጠሪያ፦ ሙሉ ስማቸው በመዝገቡ ሽፋን ላይ ሰፍሯል፤ በሥራ ቦታቸው «እትዬ ሽቦ» ይባላሉ
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ በሳሙና ፋብሪካ የኔትወርክ ቴክኒሻን፣ የ19 ዓመት አገልግሎት
አድራሻ፦ ከፋብሪካው ጀርባ፣ የሠራተኞች መኖሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በር ቁጥር 9
ከተጠርጣሪው ጋር ዝምድና፦ አለ። የታናሽ እህታቸው ባል ነው።
ከተጠርጣሪው ጋር ጠብ፦ «አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ» ብለዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ዝምድናው ያለኝ ቃል እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ። በፋብሪካው የማብሰያ ክፍል ኦፕሬተር የሆነውና በአሁኑ ጊዜ በዚህ ጣቢያ በእስር ላይ የሚገኘው፣ በቅጽል ስሙ ሬዲዮ የሚባለው ሰው፣ የእህቴ ባል ነው። ጋብቻውን ተቃውሜ ነበር። ዛሬም ቢጠይቁኝ እቃወማለሁ። የሠርጉ ዕለት በተነሳነው ፎቶግራፍ ላይ ፊቴን አይቶ ማረጋገጥ ይቻላል። ለዘመዷ አድልታ ነው የምትመሰክረው የሚል ሰው ካለ አንድ ጊዜ ከእሱ ጋር ምሳ ይብላ፤ ከምሳው መጨረሻ በፊት አንድ ቃል ጣልቃ ማስገባት ከቻለ ቃሌን እስባለሁ።

ሬዲዮ የተያዘው፣ መጋቢት 11 ቀን እንግዶች ፋብሪካውን በሚጎበኙበት ሰዓት የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውን ቀይ ቁልፍ ሆን ብሎ በመጫን ፋብሪካውን አቁሟል፣ በዚህም ምክንያት ሳሙናው በቧንቧ ውስጥ ረግቶ ከፍተኛ ጉዳት ደርሷል በሚል ነው። ቁልፉን መጫኑ እውነት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን፣ የምሳ ሰዓቱ ተሰርዞ ለእንግዶች ሲባል ግድግዳ እንዲያጥብ በታዘዘ ጊዜ፣ «ይህን ፋብሪካ አንድ ቀን ቀጥ አድርጌ ባላቆመው» ብሎ መዛቱም እውነት ነው። አርባ ሰው ሰምቶታል። ነገር ግን ይኸው ሰው ሲጋራ አቆማለሁ፣ ቁማር አቆማለሁ፣ እኔ ቤት መምጣትም አቆማለሁ ሲል አሥራ ሁለት ዓመት ሰምቼዋለሁ። እስከ መጋቢት 11 ቀን ድረስ ያቆመው ነገር የለም። የመጨረሻው ቢፈጸም ኖሮ በግሌ አልከፋም ነበር።

መርማሪው ሥራዬን ዳኛ ሊረዳው በሚችል መንገድ እንዳስረዳ ጠይቆኛል። በፋብሪካው ውስጥ ብቻውን የሚሠራ ማሽን የለም። በማብሰያው ጋን ውስጥ ሳሙናው የት እንደደረሰ የሚለካው መሣሪያ ልኬቱን ለመቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም የቧንቧውን መዝጊያ ክፈት ወይም ዝጋ ብሎ ያዘዋል። ይህ ሁሉ ንግግር የሚያልፈው በኔትወርክ ኬብል ነው። ኬብሎቹ የሚገናኙት ስዊች በሚባል፣ ከጫማ ካርቶን በማይበልጥ ሣጥን ላይ ነው። ስዊቹ መልእክት ተቀብሎ ለተላከለት ማሽን ያደርሳል። «ለሁላችሁም» የሚል መልእክት ከመጣ ግን ከመጣበት በስተቀር ኬብል በተሰካበት ቀዳዳ ሁሉ ይበትነዋል።

እኛ ዘንድ ሁለት ስዊቾች አሉ፤ ትልቁ በመቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ፣ ትንሹ ሰማንያ ሜትር ርቆ በማብሰያው ጋን አጠገብ። በመካከላቸው አንድ ዋና ኬብል ተዘርግቷል። ዋናው ቢበጠስ ሥራ እንዳይቆም ሁለተኛ መጠባበቂያ ኬብል ዘርግቼ ነበር። የመጠባበቂያው አንዱ ጫፍ ትንሹ ስዊች ላይ የተሰካ ሲሆን፣ ሌላው ጫፍ በትልቁ ስዊች አጠገብ ሳይሰካ ይንጠለጠላል። ሁለቱም ኬብሎች ባንድ ጊዜ ከተሰኩ፣ «ለሁላችሁም» የተባለው መልእክት በአንዱ ሄዶ በሌላው ይመለሳል፤ ስዊቹም አዲስ ወሬ የመጣ መስሎት እንደገና ይበትነዋል። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ኬብሉ በዚያ አንድ ወሬ ተጨናንቆ ማንም ማሽን ማንንም መስማት ያቅተዋል። መርማሪው እንደ ሐሜት መሆኑ ነው ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ሐሜት እንኳ ሲደክመው ያርፋል፣ ይህ አያርፍም ብዬ መልሻለሁ።

ትልቁ ስዊች እንዲህ ያለውን ዙረት ራሱ ለይቶ የሚዘጋበት ጥበቃ ነበረው። ጥበቃው አንድ ማሽን ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ሠላሳ ሰከንድ ያህል ያስጠብቃል። ሥራ አስኪያጁ መጠበቅ ስለማይወዱ አምና ጥበቃው እንዲጠፋ አዘዙኝ። በጽሑፍ ተቃወምኩ፣ ከዚያም በገዛ እጄ አጠፋሁት። ይህ ጥፋት የኔ ነው። ይጻፍ።

መጋቢት 10 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ የእንግዶቹን ዝግጅት ለማየት ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ መጡ። በየኬብሉ ላይ በእጄ ጽፌ ያሰርኳቸውን ስልሳ ሁለት ቀያይ መለያዎች ሲያዩ፣ ይሄ ሁሉ ፋሻ ምንድን ነው፣ ሆስፒታል ነው እንዴ፣ ብለው ሁሉም ተፈትተው እንዲጣሉ አዘዙ። በመጠባበቂያው ኬብል ላይ የነበረው መለያ «ዋናው ሲበጠስ ብቻ ይሰካ» ይል ነበር። እሱን እንኳ ይተዉልኝ ብዬ ለመንኩ። በሕይወቴ ሰው ስለምን ይህ ሁለተኛዬ ነው፤ የመጀመሪያው እህቴን ከጋብቻው በፊት ነው። ሁለቱም አልሰሙኝም። መለያዎቹ ተፈቱ።

መጋቢት 11 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ስድስት እንግዶች ከሥራ አስኪያጁ ጋር ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ገቡ። እኔ በታዘዝኩት መሠረት ግድግዳውን ተደግፌ፣ ካልተጠየቅሁ በቀር ላልናገር ቆሜያለሁ። ሥራ አስኪያጁ ስዊቹ ያለበትን ሣጥን የመስታወት በር ከፍተው፣ ይህ የፋብሪካችን የደም ሥር ነው እያሉ ማስረዳት ጀመሩ። በ4፡20 ላይ ዓይናቸው በተንጠለጠለው ኬብል ላይ አረፈ። «ይቺን ደግሞ ማን ረስቷት ነው?» ብለው አነሱትና ባዶ የነበረው ቁጥር 14 ቀዳዳ ላይ ሰኩት። ሲገባ ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ሳልጠየቅ ተናገርኩ።

«ጌታዬ፣ እሷ አትሰካም።»

«ተሰካች እኮ» አሉኝ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። እንግዶቹ ሳቁ።

ወዲያው፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጊዜ ብልጭ ድርግም ይሉ የነበሩት የስዊቹ አረንጓዴ መብራቶች በሙሉ በአንድነት መንተግተግ ጀመሩ። ከእንግዶቹ አንዷ እንዴት እንደሚያምር ተናገሩ። ሥራ አስኪያጁ አመሰገኑ።

በ4፡21 ላይ በግድግዳው ትልቅ ስክሪን የጋኑ ልኬት 61 በመቶ ላይ ደርቆ ቀረ። ሳሙና እየገባበት 61 ላይ የሚቆም ጋን የለም። ስለዚህ ወደ ሣጥኑ ተጠግቼ ኬብሉ እንዲነቀል በጆሯቸው ነገርኳቸው። ሥራ አስኪያጁ የመስታወቱን በር ዘግተው በጀርባቸው ተደገፉትና ስለ ፋብሪካው ዘመናዊነት ንግግራቸውን ቀጠሉ። ደግሜ ተናገርኩ። «ቆዪ፣ እንግዶቹ ይውጡ» አሉኝ። በሦስተኛው በክንዳቸው ሥር እጄን አሾልኬ በሩን ለመክፈት ስሞክር እየሳቁ አንጓዬን ያዙኝ። መርማሪው በዚህ ጉዳይ አቤቱታ ማቅረብ እፈልግ እንደሆነ ጠይቆኛል። እዚህ የመጣሁት ስለ አንጓዬ አይደለም።

በዚሁ ጊዜ በማብሰያው በኩል የሆነውን ሬዲዮ በዚያው ዕለት ነግሮኛል፤ ከጋኑ ሥር የነበሩት ሁለት የጽዳት ሠራተኞችም አረጋግጠውልኛል። የእሱም ስክሪን 61 ይል ነበር። ሬዲዮ ግን፣ ከብዙ ጉድለቶቹ መካከል አንድ መልካም ነገር ስላለው፣ ስክሪን አያምንም። ቀና ብሎ ጋኑን አየ። አረፋው አፍ ላይ ደርሷል። ሁለቱ ሴቶች ለእንግዶቹ ወለሉ እንዲያበራ ከሥሩ ይወለውላሉ። ሳሙናው በዚያ ሰዓት ከዘጠና ዲግሪ በላይ ይሞቃል። መዝጊያውን በስክሪኑ አዘዘው፤ መዝጊያው አልሰማም። በ4፡24 ላይ ቀዩን ቁልፍ ጫነው። ቀዩ ቁልፍ የራሱ ሽቦ አለው፤ በስዊቹ በኩል አያልፍም። የሠሩት ሰዎች አንድ ቀን ኔትወርኩ ዲዳ እንደሚሆን ገምተው ነው። ፓምፑም ማሞቂያውም ሌላውም ማሽን ሁሉ ባንዴ ጸጥ አለ። ከጋኑ አፍ የገነፈለው ጥቂት ሳሙና ወርዶ የሁለቱ ሴቶች ባልዲ ውስጥ ገባ። እነሱን አልነካቸውም። ሦስት ቶን ሳሙና በቧንቧ ውስጥ መርጋቱ እውነት ነው። እኔም አብሬ ሁለት ቀን በመሮ ስፍቅ ውያለሁ፣ ሳሙና ግን ይፋቃል።

በ4፡31 ላይ እንግዶቹ ወደ ግቢው ሲወጡ ሥራ አስኪያጁ ተመልሰው ኬብሉን በራሳቸው እጅ ነቀሉት። ለምን አስቀድመው እንዳልነቀሉት ጠየቅኋቸው። «ያየሽውን እንዳላየሽ ቁጠሪው» አሉኝ።

መጋቢት 13 ቀን ሬዲዮ ተያዘ። ከተያዘ ወዲህ አንድ ቃል አልተናገረም መባሉን ከመርማሪው ስሰማ መጀመሪያ ሌላ ሰው የያዙ መስሎኝ ነበር። ምክንያቱ የገባኝ በማግስቱ ነው። መጋቢት 14 ቀን ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው በኔ ስም በኮምፒውተር የተጻፈ አንድ ገጽ ቃል ይዘው መጡ። በወረቀቱ መሠረት እኔ ሬዲዮ «ያለምንም ምክንያት፣ ፈገግ እያለ» ቁልፉን ሲጫን አይቻለሁ። ሰማንያ ሜትር ርቄ፣ በሦስት ግድግዳ ማዶ፣ ፈገግታውን በየትኛው ኬብል እንዳየሁት ጠየቅሁ። ኃላፊው በመልሱ ፈንታ፣ እህቴ በማሸጊያ ክፍል በጊዜያዊነት እንደምትሠራ፣ ውሏም በዚህ ወር እንደሚያልቅ አስታወሱኝ። ባሏም ይህንኑ ሰምቶ ዝም ማለቱን አከሉ። ወረቀቱን ሳልፈርም መለስኩላቸው።

መጋቢት 15 ቀን ምንም ያልተበላሸው ትልቁ ስዊች ተነቅሎ ከአሮጌ ብረት ጋር እንዲጣል ታዘዘ፤ በቦታው አዲስ ገባ። ስዊቹ በየትኛው ቀዳዳ ላይ ኬብል መቼ እንደተሰካና መቼ እንደተነቀለ ሰዓቱን እየመዘገበ ያስቀምጣል፤ ማሽን ሲጠፋም ይመዘግባል፤ ኃይል ቢቋረጥም አይረሳም። ይህን በፋብሪካው የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። መጋቢት 16 ቀን በምሳ ሰዓት ከብረት ክምሩ ውስጥ አውጥቼ፣ ጃንጥላዬንና የሥራ ጫማዬን በምይዝበት ቦርሳ አድርጌ ወስጄዋለሁ። በር ላይ ጠባቂው ቦርሳዬን ከፍቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ምስክር ነው አልኩት። የቀለድኩ መስሎት አሳለፈኝ።

ዛሬ ስዊቹን በዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ በመርማሪውና በአንድ ባልደረባው ፊት መዝገቡን ከፍቻለሁ። የተገኘው የሚከተለው ነው፦ በ4፡20 ቁጥር 14 ተሰካ፤ በ4፡24 ማሽኖቹ ባንድ ጊዜ ጠፉ፤ በ4፡31 ቁጥር 14 ተነቀለ። ፋብሪካው ዲዳ የሆነው ሬዲዮ ቁልፉን ከመጫኑ አራት ደቂቃ በፊት ነው። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ በር የሚከፈተው በካርድ ሲሆን፣ ሬዲዮ ካርድ የለውም። ማን እንደሰካው እኔን ማመን የሚከብድ ከሆነ ስድስቱ እንግዶች ይጠየቁ። ስቀዋል፣ ስለዚህ አይረሱትም።

በዚህ ጊዜ መርማሪው ብዕሩን አስቀምጦ፣ የተጣለም ቢሆን የድርጅት ንብረት ያለፈቃድ ማውጣት በሕግ እንደሚያስጠይቅ፣ «ወስጄዋለሁ» የሚለው ቃል እንዳለ ከተጻፈ እኔን ማቆየት ግዴታው እንደሚሆን አስረዳኝ።

«እትዬ፣ ‹ተገኘ› ብንለውስ?» አለኝ።

‹ተገኘ› የተባለን እቃ የሥራ አስኪያጁ ጠበቃ በአንድ ጥያቄ ከመዝገብ ያስወጣዋል። የት ተገኘ፣ ማን አገኘው፣ እስከዛሬ በማን እጅ ነበር ይላል። እኔ ግን ቀኑንም ሰዓቱንም ቦርሳውንም እናገራለሁ። ስለዚህ ወስጄዋለሁ ተብሎ ይጻፍ ብያለሁ።

«ምስክር ሆነው ገብተው እዚሁ ሊያድሩ ነው?»

«ሬዲዮ አምስት ሌሊት አድሯል። ያውም ዝም ብሎ።»

ስዊቹን ስለመረከቡ ደረሰኝ እንዲሰጠኝ፣ ቃሌም ዛሬውኑ ለዐቃቤ ሕግ እንዲደርስ ጠይቄያለሁ። ለእህቴም ስልክ እንዲደወል አመልክቻለሁ። ባሏን ልትወስድ ትምጣ። እኔን አትጠብቅ።

ከላይ የተጻፈው ከአንደበቴ የወጣ ነው። ተነቦልኛል፤ ሰምቼዋለሁ፤ የተጨመረብኝም የተቀነሰልኝም የለም። በየትኛውም ችሎት፣ ሥራ አስኪያጁ ከፊቴ ተቀምጠው ቢሆን እመርጣለሁ፣ እደግመዋለሁ። ውሸት ከተገኘበት በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኛል፤ እውነት በመሆኑም ልጠየቅበት እንደምችል ዛሬ ተረድቻለሁ።

የቃል ሰጪዋ ፊርማ፦ ፈርመዋል
የመርማሪው ፊርማ፦ ፈርሟል

የመርማሪው ማስታወሻ፦ አንድ ስዊች ተረክቤ ደረሰኝ ሰጥቻለሁ። ዐቃቤ ሕግ ቃሉን ከተመለከተ በኋላ ኦፕሬተሩ ከቀኑ 7፡40 ላይ እንዲለቀቅ አዟል። ቃል ሰጪዋ በጣቢያው ቆይተዋል። «ወስጄዋለሁ» የሚለው እንዲቀየር ከፊርማው በፊት ለሁለተኛ ጊዜ ተጠይቀው አልተስማሙም፤ እንደተናገሩት ተጽፏል።