እጅሽን ወደ እጅጌሽ ሳቢ

ከየቤቱ የሚወጣው ጭስ ወዲያ ወዲህ ሳይል ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ የሚያርግበት ጠዋት ነበር። አባባ ቾይጂል እንዲህ ያለውን ጠዋት ይወዱታል፤ ነፋስ ከሌለ ብርድ የለም ባይ ናቸው። ደግሞም የብርዱን ወራት እንደ አባቶቻቸው ዘጠኝ ዘጠኝ ቀን እየከፈሉ የሚቆጥሩ ሰው ናቸው። በእሳቸው ቆጠራ ገና የመጀመሪያው ዘጠኝ ስለሆነ፣ የበሬ ቀንድ የሚሰነጥቀው ብርድ ሦስተኛው ዘጠኝ ሳይገባ ዝር አይልም። ብርዱ ግን ይህን ቆጠራ የነገረው ሰው አልነበረም።

የልጅ ልጃቸውን ሶሎንጎን አስከትለው ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ ከወንዙ ድልድይ አጠገብ መምህርት ሚችድማ ከወዲያ ስትመጣ አገኟት። ሚችድማ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ ከአውራጃው ከተማ ተምራ ከመጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ሽማግሌው ከሩቅ ሳቅ ብለው ተጣሩ።

«መምህርት! መንገድ ጠፋሽ እንዴ? ትምህርት ቤቱ በስተጀርባሽ ነው!»

«አባባ ቾይጂል፣ እንደምን አደሩ? ከብቶቹ ብርዱን እንዴት ያዙት?»

«ከብቶቹ ደህና ናቸው። ያንቺዎቹ ተማሪዎችስ?»

«እነሱማ እቤታቸው ናቸው። ዛሬ ለትንንሾቹ ትምህርት የለም፣ ብርዱ ከልክ አልፏል። እኔም ያልሰማ ሰው ካለ ልመልስ ብዬ ነው የወጣሁት። ጠዋት በሬዲዮ ሲነገር አልሰሙም?»

«ዘጋሁታ! ነጋ ጠባ ብርድ፣ ብርድ፣ ብርድ! የምንኖረው ሌላ አገር ይመስል። አሁን ይኼ ብርድ ነው? ዛሬ ብርድ ነው ብላችሁ ዘጋችሁ፤ ነገ ደግሞ ፀሐይ ነው ብላችሁ ትዘጉታላችሁ።»

«ፀሐዩን ያምጣልን እንጂ አባባ፣ እሱንስ ወጥተን እንሞቀው ነበር» አለች ሚችድማ እየሳቀች።

ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ጎብጠው የልጅቱን ሻርፕ አስተካከሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስሚኝ ልጄ፣ ቀልዱን እንተወው። የዚህች ልጅ እናት ኡላንባታር ውስጥ የሰው ልብስ ስትሰፋ ነው የምትውለው። ልጄ ትማርልኝ ብላ እኔ ላይ ጣለቻት። እኔ ደግሞ የማውቀው በግ ነው። ባለፈው ስትዘጉ ሶሎንጎ ያወቀችውን ፊደል ረስታ ተመለሰች። የባለ መደብሩ ልጅ ቢዘጋበት እቤቱ መጽሐፍ አለው፣ እህት አለችው፣ ኮምፒዩተር አለው። የተዘጋው ቀን ከማን ላይ ነው የሚቀነሰው? ከዚህች ላይ ነው።»

ይህ ንግግር ሚችድማን ልቧ ላይ ነካት። ሽማግሌው ግትር ይባሉ እንጂ ነገራቸው ፍሬ ያለው ነበር። ቢሆንም በትምህርት ያገኘችውን እውቀት ይዛ ዝም ማለት አልሆነላትምና፣ እንደ ክፍል ውስጥ እጇን እያንቀሳቀሰች ማስረዳት ጀመረች።

«ያሉት ይገባኛል፣ አባባ። ግን የልጅ ገላ እንደ ትልቅ ሰው ሙቀት አይዝም። እርስዎ ነፋስ የለም ይላሉ፤ ነፋስ የሌለበት ብርድ እኮ ነው የሚያታልለው። ሳይነግርዎ ይገባል።»

«አያቴ፣ እጄን» አለች ሶሎንጎ።

«እጅሽን ወደ እጅጌሽ ሳቢ» አሉ አባባ ቾይጂል፣ ዓይናቸውን ከአስተማሪዋ ሳያነሱ። «የልጅ ገላ አልሽኝ? እኛስ ልጅ አልነበርንም? ከዚያ ኮረብታ ማዶ ነበር በእግራችን የምንመጣው። አንድም ቀን ተዘግቶ አያውቅም። ቀለሙ ጠርሙስ ውስጥ ይረጋብን ነበር፤ በብብታችን አቅፈን አሟሙቀን እንጽፍ ነበር። ሁላችንም ተምረን ወጣን! ማን ቀረ?»

«ያ ዘመን ሌላ ነበር፣ አባባ።»

«ብርዱ ያው ነው! የተለወጠው ሰው ነው። በቅቤና በቅምጥል አሳድጋችሁ ልጁን ሰም አደረጋችሁት።»

«አያቴ...»

«ወደ እጅጌሽ አልኩሽ እኮ፣ የኔ ልጅ። መምህርት፣ እንዲያው ልጠይቅሽ፣ ፈረስ በብርድ ካላሠለጠንሽው ለብርድ ይሆናል?»

«ፈረሱንስ በዚህ ብርድ ውርንጭላ ሳለ ያሠለጥኑታል? እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ!»

ሽማግሌው ጢማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ሚችድማም አሸነፍኩ ብላ ደስ አላት፤ ሌላም ልትጨምር ነበር። እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ ሁለቱም ለዚያች ልጅ አሳቢ ነን ባዮች፣ ብርድ ላይ ቆመው ስለ ብርድ ይከራከራሉ። ልጅቱ ከመካከላቸው የደብተር ቦርሳዋን ጨብጣ ቆማለች። ሦስተኛ ጊዜ ግን አልተጣራችም።

ዝምታዋን ቀድማ ያስተዋለችው ሚችድማ ናት።

«ሶሎንጎ፣ እጅሽ ምን ሆኖ ነበር?»

«አሞኝ ነበር። አሁን ተሻለኝ፣ ምንም አይሰማኝም።»

ሚችድማ ክው አለች። ተንበርክካ የልጅቱን እጅ ከቦርሳው ማንጠልጠያ ላይ አላቀቀችው። ጣቶቹ እንደ ሻማ ነጭ ሆነዋል፤ ስትነካቸውም እንደ ሻማ ደርቀዋል። የቀኝ እጇ ነበር።

አባባ ቾይጂል ልባቸው ስንጥቅ አለ። ጎንበስ ብለው ሙሉ እፍኝ በረዶ ዘገኑና የልጅቱን እጅ ሊያሹበት ሲሉ አስተማሪዋ ክንዳቸውን ያዘች።

«በበረዶ አይሹት!»

«እኛ እኮ እንዲህ ነው የምናደርገው! አባቴም፣ አያቴም...»

«ቆዳዋን ይልጡታል! በብርድ የተጎዳ ሥጋ በብርድ አይድንም። ዴልዎን ይክፈቱ! ብብትዎ ሥር ያስገቡት!»

ሽማግሌው በዕድሜያቸው ሙሉ በሴት ልጅ ትእዛዝ እንዲህ ፈጥነው ታዘው አያውቁም። የዴላቸውን፣ የዚያን ረጅም ካባ፣ ቁልፎች በጣጥሰው የልጅቱን እጅ ከብብታቸው ሥር ከተው ልጅቱንም ከነቦርሳዋ አቅፈው አነሷት። ከሁሉም የሚቀርበው የአስተማሪዋ ጌር ነበርና ወደዚያው ሮጡ።

ወፍራም ሱፍ በለበሰው ክብ ቤት ውስጥ ምድጃው ይነዳል። አባባ ቾይጂል በልማድ ወደ እሳቱ ሊጠጉ ሲሉ ሚችድማ ከለከለቻቸው፤ የደነዘዘ ጣት ቢቃጠል አያውቅም አለቻቸው። ለብ ያለ ውኃ በሳህን አቅርባ የልጅቱን እጅ ነከረችው፤ በሌላ እጇም ጨው ጣል ያለበት የወተት ሻይ አስያዘቻት። ጥቂት ቆይቶ ሶሎንጎ ፊቷን አጨማደደችና ጩኸቷን ለቀቀችው።

«አቃጠለኝ! አያቴ፣ አቃጠለኝ!»

«ምን አደረግሻት?» አሉ ሽማግሌው ደንግጠው።

«ታልቅስ። እሰየው ይበሉ፣ አባባ፣ የሚያማት ደሙ እየተመለሰ ስለሆነ ነው። ዝም ብትል ነበር የምንፈራው።»

እውነትም ጣቶቹ ከነጭ ወደ ቀይ ተለወጡ። አንደኛው ጣት ብቻ ውኃ ቋጠረ። እሱንም ሚችድማ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችው፤ ኋላ ከጤና ጣቢያ የመጣችው ነርስ አየችው፤ ቆዳው ይለወጣል እንጂ ጣቱ ደህና ነው አለች። ያንን እስኪሰሙ ድረስ ሽማግሌው ከተቀመጡበት አልተነሱም። የልጅ ልጃቸውን ካፖርት ጭናቸው ላይ አድርገው ደጋግመው ያዩት ነበር። እናቷ ከከተማ የላከችላት ባለ ዚፕ ነው፤ ሮዝ ቀለም ያለው፣ ያማረ። በኋላ የራሳቸውን ዴል እጅጌ አወረዱትና አጠገቡ አስቀመጡት። የእሳቸው ከጣታቸው ጫፍ አልፎ ይንጠለጠላል፤ የእሷ አንጓዋ ላይ ያልቃል።

«እጅሽን ወደ እጅጌሽ ሳቢ አልኳት» አሉ ቀስ ብለው። «አባቴ ይለኝ ነበር፤ እኔም ለልጆቼ ስል ኖርኩ። አፌ ለምዶታል። የሚሳብ እጅጌ ግን የላትም። አየሽ፣ አላየሁትም! ለካ ልጅቷ ሌላ ልብስ ለብሳለች።»

ሚችድማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እኔም አለሁበት፣ አባባ። ብርድ ልጅ ይጎዳል እያልኩ ስሰብክ ልጅቷን ብርድ ላይ ያቆምኳት እኔ ነኝ። ልመልስ ወጥቼ ልከራከር ቆምኩ።»

ሻይ ቀዳችላቸውና አንድ ነገር በትሕትና ጠየቀቻቸው።

«ቅድም ሁላችንም ተምረን ወጣን ብለውኛል። እነማን ነበሩ?»

«ጎንግር ነበረ፤ አሁን የእንስሳት ሐኪም ነው። ፕሬቭ ነበረ፤ ሹፌር ሆነ። ሎድይ፣ ነፍሱን ይማር፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ዱላምሱረን...» አሉና ቆም አሉ። «እሷ እንኳ አቋርጣለች።»

«ለምን?»

«ትምህርት ጠልታ...» አሉ፤ ግን ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። የሻይ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «አይደለም። ምን አስዋሸኝ! ከሁላችንም የምትበልጠው እሷ ነበረች። አንድ ጠዋት ከኮረብታው ማዶ ስንመጣ ሁለቱም እጆቿ ደረቁባት። በበረዶ አሸንላት፤ እኔም አሽቻለሁ። ከዚያ ሐኪም ቤት ወስደው ጣቶቿን ቆረጡት። እርሳስ መያዝ ሲያቅታት ጥጃ ትጠብቅ ተባለ። አሁንም እዚሁ መንደር ናት፤ ሰላም እንባባላለን። እኔ ግን ሁላችንም ስል እሷን ቆጥሬያት አላውቅም።»

ስለ ድሮ ጥንካሬ የሚያወራን ብርዱ ያለፈው ሰው ነው። ብርዱ ያስቀረውን ሰው ማንም ምን ይመስልሃል ብሎ አይጠይቀውም፤ ስለዚህም ወሬው ሁልጊዜ ያምራል። አባባ ቾይጂል ይህን ያወቁት በዚያ ጠዋት ነው።

«ይዘጋ» አሉ በመጨረሻ። «እንዲህ ባለው ቀን ይዘጋ፣ አምኛለሁ። እኔ አንድ ቀን እንዳይቀርባት ብዬ ዕድሜ ልኳን ላስቀርባት ነበር። ግን መምህርት፣ ያ የተረሳው ፊደልስ? እሱን ማን ይመልስላታል?»

«በዚህ በኩል እርስዎ ነዎት ልክ» አለች ሚችድማ። «እኛ በሩን እንዘጋና ሥራችን አለቀ ብለን እንቀመጣለን። ልጁ ወደ ትምህርቱ መምጣት ካልቻለ ትምህርቱ ወደ ልጁ ይሂድ። ለርዕሰ መምህሩ እነግራለሁ። የአንድ ሰፈር ልጆች ድልድይ ሳይሻገሩ ደጃፋቸው ካለው አንድ ጌር ይሰብሰቡ፤ እኔ ልብሴን ደርቤ እመጣለሁ። የሚቸግረው ሰፊ ቤትና ደህና ምድጃ ያለው ፈቃደኛ ሰው ማግኘቱ ነው።»

«የኔ ምድጃ ምን ጎደለው?» አሉ ሽማግሌው ቱግ ብለው፤ ከዚያ እሳቸውም ሳቁ።

ርዕሰ መምህሩ መጀመሪያ ቢያንገራግሩም በኋላ እሺ አሉ፤ ነገሩም ሥር ያዘ። ሬዲዮው ብርድ ባለ ቁጥር አባባ ቾይጂል ኩበቱን አብዝተው ያነዳሉ፣ የጎረቤት ልጆች እየሮጡ ይገባሉ። በአባባ ሰፈር ፊደል የረሳ ልጅ በዚያ ዓመት አልታየም። ሳል ቀነሰ። የገዛ ልጁ ምን እንደሚማር አይቶ የማያውቅ አባትም በር ሥር ተቀምጦ ይሰማ ጀመር፤ እናቶችም የከተማ ካፖርት ለለበሰው ሁሉ የበግ ቆዳ ጓንት ሰፍተው ባንገቱ አንጠለጠሉለት። ይህ ሁሉ የመጣው አንድ ሽማግሌ ተሳስቻለሁ፣ አንዲት አስተማሪም እኔም አላሟላሁም ለማለት ስላላፈሩ ነው።

ከመጀመሪያው የጌር ትምህርት በፊት ግን አባባ ቾይጂል አንድ ጉዳይ ነበራቸው። ያን ዕለት ማለዳ ከመንደሩ ጥግ ወዳለች ትንሽ ጌር ሄደው አስፈቅደው ገቡ። ዱላምሱረን ኩበት በሁለት መዳፏ አቅፋ ወደ ምድጃው ስትጨምር አገኟት።

«ቾይጂል? በደህና ነው?»

«በደህና ነው። ትምህርት ቤቱ በብርድ ተዘግቷል። እኔ ቤት ግን ትምህርት አለ። ልጠራሽ ነው የመጣሁት።»

«እኔን? ምን ላደርግልህ? ምድጃ ላነድልህ ነው?»

«ልትማሪ ነው።»

ሴትዮዋ ትክ ብላ አየቻቸው፤ የሚያፌዙባት መስሏት ፊቷ ጠቆረ። ከዚያ ጣት የሌላቸውን እጆቿን ከእጅጌዋ አውጥታ ፊታቸው ዘረጋችላቸው። ጎረቤት ሆነው ሲኖሩ እጆቿን እንዲህ አሳይታቸው አታውቅም ነበር።

«በዚህ?»

አባባ ቾይጂል ዓይናቸውን አላሸሹም።

«ለማንበብ እጅ አያስፈልግም፣ ዱላም» አሏት። «ገጹን እኔ እገልጥልሻለሁ።»