«አለኝ» የሚለው ካርድ

(ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ የንድፍ ክፍል ውስጥ፣ የርክክብ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጡረተኛው የንድፍ መምህር ልሳነወርቅ ያልተፈረመ የንብረት መረከቢያ ሰነድ ይዘው ከሃያ አራቱ አዳዲስ ኮምፒውተሮች በአንዱ ፊት ተቀምጠዋል፤ የክፍሉ ኃላፊና የቀድሞ ተማሪያቸው ደምመላሽ አጠገባቸው ቆሟል።)

ደምመላሽ፦ ጋሼ፣ ሁለቱ የኮሚቴ አባላት እኮ ከፈረሙ ቆይተዋል። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።

ልሳነወርቅ፦ ይቆየኝ። ይህ ስክሪኑ ላይ ያለው የቧንቧ ክርን ስንት ደቂቃ ሆነው?

ደምመላሽ፦ የቱ?

ልሳነወርቅ፦ «ዙር» ብዬ ያዘዝኩት። ገና ያልዞረው።

ደምመላሽ፦ አንድ… ሁለት ደቂቃ ቢሆነው ነው።

ልሳነወርቅ፦ አራት ተኩል። ሰዓቴን ጠረጴዛው ላይ ያኖርኩት ለጌጥ አይደለም።

ደምመላሽ፦ አዲስ ማሽን መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል። እስከ ሰኞው ፈተና ይለማመዳል።

ልሳነወርቅ፦ በቅሎ ነው እንዴ የሚለማመደው? ደምመላሽ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም።

ደምመላሽ፦ ኧረ እንዲያ አላልኩም! የምዘና ማዕከሉ የላከውን ዝርዝር ከስክሪኑ ጋር አንድ በአንድ አመሳክረናል። «ጥምዝ ገጽ ከፋፋይ» ይላል፤ ስክሪኑ «አለ» ብሏል። ይኸው ያንብቡት።

ልሳነወርቅ፦ አንብቤዋለሁ። ከዚያም ትናንት ክዳኑን ፈትቼ የሥዕል ካርዱን ስም ገለበጥኩና የአምራቹን መግለጫ ፈለግሁ። ጥምዙን ወደ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘን የሚከፋፍለው ክፍል በዚህ ካርድ ላይ የለም። የሌለውን «አለኝ» ያሰኘው ማነው?

ደምመላሽ፦ ካርዱ አይደለም የሚናገረው፤ ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ ነው። ድራይቨር ለዚህ ነው እኮ የተሠራው፤ ካርዱ የማይችለውን ሥራ ለዋናው ፕሮሰሰር ሰጥቶ ያሠራል። እኔ የፈጠርኩት ነገር አይደለም፤ የታወቀ አሠራር ነው።

ልሳነወርቅ፦ አሠራሩን አልነቀፍኩም። ሥዕሉ ትክክል ነው?

ደምመላሽ፦ የፀጉር ያህል እንኳ አይሳሳትም።

ልሳነወርቅ፦ እኔም እመሰክርልሃለሁ፤ ክርኑ በደረሰ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ነው የሚደርሰው። ፈተናው ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ደምመላሽ፦ ሦስት።

ልሳነወርቅ፦ በሦስት ሰዓት ውስጥ ዕቃውን ስንት ጊዜ ያዞሩታል?

ደምመላሽ፦ እንደ ተማሪው ነው።

ልሳነወርቅ፦ አስተምሬሃለሁ፤ «እንደ ተማሪው» አትበለኝ።

ደምመላሽ፦ …ሠላሳም አርባም ጊዜ።

ልሳነወርቅ፦ ከዚህ ባይበልጥ እንኳ፣ አርባ ጊዜ አራት ተኩል ደቂቃ። አባዛው።

ደምመላሽ፦ ጋሼ…

ልሳነወርቅ፦ አባዛው እንጂ!

ደምመላሽ፦ መቶ ሰማንያ ደቂቃ።

ልሳነወርቅ፦ ሦስት ሰዓት ሙሉ። እንግዲህ መስመር የሚያሰምሩት መቼ ነው? ማታ ቤታቸው?

ደምመላሽ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? ድራይቨሩን እንደ ነበረ ብተወው «የለኝም» ይላል፤ «የለኝም» ካለ ደግሞ የንድፍ ፕሮግራሙ የፈተናውን ፋይል ጨርሶ አይከፍትም። «አለኝ» እንዲል ያደረግሁት ለእነርሱው ብዬ ነው።

ልሳነወርቅ፦ አንተ ነህ ያደረግኸው።

ደምመላሽ፦ እኔ ነኝ። አዎ።

ልሳነወርቅ፦ ሻጩ አታለለን?

ደምመላሽ፦ ሻጩ ያዘዝነውን ነው ያመጣው።

ልሳነወርቅ፦ ይህን ካርድ ማን አዘዘ?

ደምመላሽ፦ …የግዢውን ዝርዝር ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የአምናውን ገልብጬ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ቀየርኩ። ማዕከሉ ዘንድሮ ይህን አንድ መስመር መጨመሩን ያወቅሁት ዕቃው ከገባ በኋላ ነው። ሹመቴ ገና ስድስት ወሩ ነው፣ ጋሼ። ይህ ቢጻፍ ሰኞ እዚህ አልገኝም፤ ባለቤቴ ደግሞ ወልዳ ተኝታለች።

ልሳነወርቅ፦ እግዚአብሔር ያሳድግልህ። እኔ መንገር ያለብኝን ግን አልተወውም። ትናንት ልምምድ ላይ ተማሪዋ ተዋበች ከዚህ ማሽን ፊት እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ ነበር። ይህች ልጅ ለዚህ ምዘና ብላ የፋብሪካ ሥራዋን የለቀቀች ናት።

ደምመላሽ፦ አውቃታለሁ።

ልሳነወርቅ፦ «እኔ ነኝ የምዘገየው ወይስ ማሽኑ?» ብላ ጠይቃህ ነበር። ምን አልካት?

ደምመላሽ፦ ሰምተዋል እንዴ?

ልሳነወርቅ፦ በሩ ላይ ነበርኩ። ምን አልካት?

ደምመላሽ፦ …«እጅሽን አፍጥኚ» አልኳት።

ልሳነወርቅ፦ ከክፍሉ ሁሉ ፈጣኗን! ድራይቨሩ የካርዱን ጉድለት ለፕሮሰሰሩ አሸከመ፤ አንተ ደግሞ ያንተን ጉድለት ለእርሷ አሸከምክ። ማሽን ቢዋሽ አይፈረድበትም፣ ደምመላሽ።

ደምመላሽ፦ ይብቃዎት፣ ጋሼ! ገባኝ።

ልሳነወርቅ፦ ከገባህ መፍትሔ አለ። የሕንፃ ንድፍ ክፍሉ አሥራ ሁለት ማሽኖች ያ ከፋፋይ አላቸው?

ደምመላሽ፦ አላቸው።

ልሳነወርቅ፦ ጠዋት አሥራ ሁለት፣ ከሰዓት በኋላ አሥራ ሁለት ተማሪ። ማዕከሉ ፈተናው በሁለት ፈረቃ እንዲሰጥ ይፍቀድልን።

ደምመላሽ፦ ቢሯቸው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ያለ በቂ ምክንያት ደግሞ አይፈቅዱም፤ ምክንያቱን በደብዳቤ ካልገለጽን አይቀበሉንም።

ልሳነወርቅ፦ እንገልጻለን። በመረከቢያው ሰነድ ላይም ጉድለቱን ከነምንጩ እጽፋለሁ። ብዕር አቀብለኝ።

ደምመላሽ፦ ይጻፉ። ሲጽፉ ግን ይህችንም ወረቀት አያይዟት።

ልሳነወርቅ፦ ምንድን ናት?

ደምመላሽ፦ ያ የግዢ ዝርዝር። መጨረሻው ገጽ ላይ «ከማዕከሉ መስፈርት ጋር አገናዝቤ አጽድቄአለሁ» ይላል። ከሥሩ ያለውን ፊርማ ያውቁታል?

ልሳነወርቅ፦ …መነጽሬን ልጥረገው።

ደምመላሽ፦ ጡረታ ከመውጣትዎ በፊት ነው፤ ልቅሶ ሊሄዱ እየቸኮሉ ነበር። በር ላይ አግኝቼ፣ «ያው የአምናው ነው» ብዬ ሰጠሁዎት። ግድግዳ ተደግፈው ፈረሙ።

ልሳነወርቅ፦ አገናዝቤ… ይላል።

ደምመላሽ፦ ይላል። ስክሪኑም «አለ» ይላል። ጋሼ፣ ይህችን ወረቀት እስካሁን ለማንም አላሳየሁም። በዚህ ክፍል ውስጥ ለአርባ ዓመት ስምዎ አንድ ጊዜ እንኳ በክፉ አልተነሣም። እርስዎ ይህን ሰነድ ይፈርሙ፣ እኔም ይህችን ልቅደድ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም የለንበትም።

ልሳነወርቅ፦ ስንት ሰዓት ሆነ?

ደምመላሽ፦ ሰዓቱ እርስዎ ፊት ነው።

ልሳነወርቅ፦ ዘጠኝ ከሃያ። ክርኑም ይኸው ገና አሁን ዞረ። …ያችን ወረቀት አምጣት። አትቅደድ፣ አምጣት አልኩህ! አሁን ተቀመጥ፤ ደብዳቤውን አንተ ትጽፋለህ። «ጉድለቱ የደረሰው በሁለት ሰዎች ስሕተት ነው» ብለህ ጀምር። የእኔን ስም አስቀድም፤ ያንተ ከሥሩ ይሁን።

ደምመላሽ፦ …ጋሼ?

ልሳነወርቅ፦ ጻፍ፣ ሰዓቱ ይሄዳል።

ደምመላሽ፦ ማዕረግዎን ልጨምር ወይስ ስምዎን ብቻ?

ልሳነወርቅ፦ ስሜን ብቻ። ሳያነብ የፈረመ ሰው «መምህር» አይባልም።