ዋስ ያልተገኘላት ጊደር

በእኛ ዘመን እኮ ልጆቼ፣ ባለሥልጣን ዘንድ ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነበር። ጉቦ አንለውም፤ እጅ መንሻ ነው የምንለው። ጉቦ የሚባለውን ስም እኔ አጥርቼ የሰማሁት ቢቸና ፍርድ ቤት ቆሜ ነው። ምን ያስቅሃል አንተ? ቆይ፣ እነግርሃለሁ።

ባሌ ሲሞት ገና ልጅ ነኝ፤ ሁለት ሕፃናት ታቅፌ ቀረሁ። መሬቱ አለ፣ የሚያርሰው የለም። ታዲያ ወንድሜ ይመር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "እኔ አለሁልሽ" ብሎ ከእኔ ዘንድ ገባ። እና አንዱ በሬያችን ሞቶብን ነበርና፣ ሞጣ በሬ ይረክሳል ብለውት እዚያ ድረስ ሄዶ አንድ ቀይ በሬ ገዝቶ መጣ። በዋስ ነው የገዛው። እናንተ አሁን አታውቁትም፤ ያን ጊዜ ከብት ያለ ዋስ አይገዛም። ሻጩ "ይህ ሰው ያውቀኛል፣ ከብቱ የራሴ ነው፣ ነገር ቢመጣ እሱ ይጠየቅልኛል" ብሎ ሰው ያቆማል። ለይመር በሬ ዋስ የሆኑት አያ ቢተው የሚባሉ የሞጣ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃላቸውን አክባሪ።

ታዲያ ሰኔ እንደ ገባ፣ መሬቱ ገና አንድ ጊዜ እንደ ታረሰ፣ የቢቸና ፖሊስ ጣቢያው ሃምሳ አለቃ መጣ። ስሙን አልጠራውም፤ ልጆቹ አሁንም አሉ፣ እነሱ ምን በደሉ። "ይህ በሬ የተሰረቀ ነው የሚል አቤቱታ አለ" አለና ይመርን አስሮ ቢቸና ወሰደው። ይመር "ዋስ አለኝ" ቢለው፣ "ዋስህን ጣቢያ ታመጣለህ" አለው።

እኔም ሞጣ ላክሁ። አያ ቢተው ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ልጆቼ፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጡ። "ሻጩን አውቀዋለሁ፣ በሬው ከደጁ ያደገ ነው" ለማለት ብቻ። ሃምሳ አለቃው ጫማውን እየወለወለ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ "ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል፣ ነገ" ይላል። በነገው ሲቀርቡ ደግሞ፣ "ማን ነው ነገ ና ያለህ?"

ለእኔ ደግሞ ሌላ ነው አነጋገሩ። ስጪኝ አይልም እኮ። ግድግዳውን እያየ፣ እንዲህ አፉን ሞጥሞጥ አድርጎ፣ "ዘንድሮ ሙክት ከገበያ ጠፋ" ይላል። ሙክት ወሰድሁ። "ይህ የከተማ ቅቤ አይረባም" ይላል። ቅቤ ወሰድሁ። ይመር አልተፈታም። በመጨረሻ፣ "ልጆቼ እኮ ወተት አማራቸው" አለ። ገባኝ። አንዲት ዳልቻ ጊደር ነበረችኝ፣ ነገ ወልዳ ለልጆቼ ወተት ትሆናለች ያልኋት። እያለቀስሁ ነድቼ ከበረቱ አገባሁለት። እና በማግስቱ ይመርን ልወስድ ብሄድ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እኔስ በቃኝ፤ አለቃዬ ግን አለ።"

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ጎረቤቱ ሁሉ ጤፍ ለመዝራት ማሳውን ያለሰልሳል፣ የእኔ መሬት ሣር ያበቅላል። ያ ክረምት እንዲሁ ካለፈ እኔና ልጆቼ ምን ልንበላ ነው? ከብት ሰጥቼ ወንድም አጣሁ፣ አልሁ።

አያ ቢተው ናቸው መላ ያሉኝ። "አንቺ፣ ቢቸና አዲስ ዐቃቤ ሕግ መጥቷል፤ ሰይድ የሚሉት የወሎ ልጅ። በመንግሥት ስም የሚከስ እሱ ነው። ለእሱ ንገሪው" አሉኝ።

"ሃምሳ አለቃን ማን ይከሳል አያ?" አልሁ።

"ንገሪው ብቻ።"

እና ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ጉቦ በላ ብዬ ልከስ ስሄድ፣ አንድ ቅል ማር ይዤ ሄድሁ። ሳቁ፣ ሳቁ። ባዶ እጄን ልሂድ ታዲያ?

ቅሉን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ያ ሰይድ የሚሉት ልጅ ከወንበሩ ተነሣ። "እትዬ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"ማር ነው ጌታዬ። ነጭ ማር።"

"ለማን?"

"እንዴ፣ ለእርስዎ ነዋ።"

ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። "ማንን ልትከሺ ነው የመጣሽው?" አለኝ። የሙክቱን፣ የቅቤውን፣ የጊደሯን ሁሉ ነገርሁት። ጨርሶ ከሰማኝ በኋላ ቅሉን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ "ታዲያ እኔን ከእሱ በምን ለየሽኝ?" አለኝ። እስከዚያ ቀን እንዲህ አድርጌ አስቤው አላውቅም ልጆቼ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጸሐፊውን ጠራና አስጻፈ። "ይህች ሴት ማር አምጥታ ነበር፣ ወዲያው ተመልሶላታል" ተብሎ ተጻፈ፣ እኔም በአውራ ጣቴ ፈረምሁ። ከዚያ አስቀምጦኝ ቁርጡን ነገረኝ። "ዳኛው ፊት ቆመሽ በአፍሽ 'ሰጠሁት' ማለት አለብሽ። በሕጉ ግን የሰጠም ይጠየቃል። ተገድዳ ነው ብዬ እከራከርልሻለሁ፤ አትታሰሪም ብዬ ግን አልምልልሽም።"

እና እቤቴ ገብቼ አሰብሁ። ይመር ታስሯል፣ እኔም ብታሰር እነዚህን ሕፃናት ማን ያያቸዋል? ደግሞ ዝም ብልስ? የሚቀጥለው ምንድን ነው፣ በሬው? በቃ፣ ልጆቼን እናቴ ዘንድ አድርሼ በቀጠሮው ቀን ቢቸና ተገኘሁ።

ሃምሳ አለቃው ቀበቶውን አሳምሮ ታጥቆ መጣ። ዳኛው ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ የባላገር ልጅ። እኔ ቆምሁና "ሰጠሁት ጌታዬ። ሙክቱንም፣ ቅቤውንም፣ ጊደሯንም ሰጠሁት" አልሁ።  ታዲያ ያ ሰው ብድግ ብሎ፣ "ጌታዬ፣ ይህች ሴት እኮ ሥራዋ ጉቦ መስጠት ነው። ለዐቃቤ ሕጉም ማር ስታስገባ ታይታለች" አይል መሰላችሁ?

 በገዛ ማሬ ወንድሜን ቀበርሁት አልሁ። ሰይድ ግን አልደነገጠም፤ ያችን ወረቀት አውጥቶ ለዳኛው ሰጠ። አነበቧት፣ አነበቧትና ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

"ማሩን ይዘሽ ተመለስሽ?"

"አዎ ጌታዬ። ከልጆቼ ጋር በላነው።"

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ዳኛውም ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። ከዚያ ወደ ሃምሳ አለቃው ዞሩና፣ "ጊደሯስ ከበረትህ ምን ትሠራለች?" አሉት።

"ገዝቻት ነው ጌታዬ። ከዚህችው ሴት፣ ከገበያ።"

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። "ዋሷ ማነው?"

 እውነቴን ነው፣ ስንቱን ገበሬ ዋስህን አምጣ እያለ ሲያስር የኖረ ሰው፣ ለራሱ ዋስ ማዘጋጀት ጨርሶ ትዝ አላለውም። ማን ይጠይቀኛል ብሎ ነዋ።  ዞር ዞር ብሎ አየና ከኋላ የተቀመጠውን ወዳጁን፣ አንድ ባለ ሱቅ፣ "እሱ ነው" ብሎ ጠቆመው። ባለ ሱቁ ተጠራ፣ ወንጌሉ መጣ፣ "እጅህን ጫንና ማል" አሉት። እጁን ዘረጋ፣ መለሰ። እንደገና ዘረጋና መለሰ።

"ጌታዬ" አለ፣ "እኔ የምሸጠው ጨውና ላምባ ነው። ስለ ጊደር የማውቀው የለኝም።"

አለቀ። ቀበቶውን እዚያው አስፈቱት፣ ማዕረጉን አነሡት፣ እስር ተፈረደበት። ስለ እኔ ዳኛው፣ "ወንድሟን ይዞባት ያስገደዳት እሱ ነው፤ ወደ ልጆቿ ትሂድ" አሉ። ከዚያ አያ ቢተውን አስቆሟቸው። ኩታቸውን አስተካክለው፣ "ሻጩን አውቀዋለሁ፣ በሬው ከደጁ ያደገ ነው" አሉ። ይህችው ናት። ለዚህች ቃል ነበር ወንድሜ ያን ሁሉ ቀን የታሰረው። በዚያው ቀን ተፈታ፣ ጊደሬንም እየነዳን ወጣን፣ ጤፉም ዘግይቶም ቢሆን ተዘራ።

ግን ልነግራችሁ የፈለግሁት ይኸን አይደለም። ከፍርድ ቤቱ ስወጣ ከአጥሩ ሥር የተቀመጡ ባላገሮች ነበሩ፣ ሴቶችም ወንዶችም። አንዲት እንደ እኔ ጥቁር የለበሰች ሴት ቀሚሴን ያዝ አደረገችኝ።

"እቴ፣ ሰጠሁት አልሽ አሉ፤ እውነት ነው?"

"አዎ፣ ሰጠሁት አልሁ።"

"ከዚያስ ምን አደረጉሽ?"

"ይኸው፣ ወንድሜን ይዤ ቤቴ ልገባ ነው።"

አየችኝ። ይመርን አየችው። ከዚያ ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈችና የሰይድ ቢሮ በየት በኩል እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። በእጄ አሳየኋት። ትንሽ ሄድ ብለን ዞር ብንል፣ ከኋላዋ ሦስት ሰዎች ተከትለዋታል።