ማንንም የማያስቀይም አክሲዮን

ዓሣው ግን እንዴት ያለ ዓሣ ነበር ሰቢካዬ! ዘንድሮ ዙበይዲ እንዲህ ወፍሮ አላየሁም። ሩዙም እንደዚያው... እናታችን እጇ ይባረክ፤ ጉልበቷን እያመማት ምድጃ ሥር ቆማ ስትውል ደከመኝ አትልም። አሁን ገብታ ጋደም ብላለች፣ ደግ አደረገች። ሻዩን ወደዚህ አስጠጊው እስኪ። ስኳር አታብዢብኝ፣ ሐኪሙ ተቆጥቶኛል። አቧራውም ዛሬ ጋብ አለልን አይደል? ትናንት መስኮት መክፈት የማይታሰብ ነበር።

ቀስ በይ፣ ብርጭቆውን አታንኳኪው። ወንድማችን ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ጉትራውን ከራሱ አውርዶ ፊቱ ላይ ጣል አደረገና በቃ፣ ድምፁ ጠፋ። ይተኛ፣ ምስኪን። ስንት ነገር ያስባል መሰለሽ? የአራት እህቶቹን ሐሳብ ብቻውን ተሸክሞ የሚዞር ሰው፣ ዓርብን ጠብቆ ትንሽ ሸለብ ቢያደርገው ይፈረድበታል? እኔ በሱ ቦታ ብሆን እንቅልፍ የሚባል በዓይኔም አይዞር። እሱ ግን ተመስገን፣ እንቅልፍ ላይ ችግር የለበትም።

ይልቅ የራስሽን አጫውቺኝ። ከመንግሥት የጠበቃችሁት መሬት ወጣ አሉኝ! በስንት ዓመቱ... በአሥራ ስድስት? አልሐምዱሊላህ! ያውም የማዕዘን ቦታ፣ በሁለት በኩል መንገድ ያለው። እንግዲህ ከአማትሽ ቤት ፎቅ ላይ ልትወርጂ ነው። ሦስት ልጅ በአንድ ክፍል ተደራርቦ፣ ጫማ ኮሪደር ላይ ተደርድሮ፣ ሩዝ በጣድሽ ቁጥር 'ምን ሸተተኝ?' የሚል ድምፅ ከታች እየመጣ... አበቃ በይኛ! ግንባታው መቼ ነው የሚጀመረው? ደብዳቤው ቀነ ገደብ አለው አይደል? በዚህን ያህል ጊዜ ካልጀመራችሁ ይላል፣ አውቀዋለሁ።

ምነው... እንዲህ አንገትሽን አትድፊብኝ። ያ እጅሽ ላይ ያለው ወረቀት ምንድን ነው? አሃ፣ የውክልናው። ለሌላ አምስት ዓመት ይታደስ የተባለው። እኔም ዘንድ ደርሷል፣ በሚያምር ፖስታ። የምፈርምበት ቦታ እንዳይጠፋኝ ተብሎ በእርሳስ መስቀለኛ ምልክት ሳይቀር ተደርጎበታል። አሳቢነት ማለት እንግዲህ ይኼ ነው። ፈርሚ እንጂ፣ ማን ከለከለሽ? ሻይሽን እስክትጨርሺ ግን አንድ ወሬ ላጫውትሽ። ስለ አንድ ትልቅ ሰው ነው። አንቺ አታውቂያቸውም።

እኚህ ሰው፣ አባታቸው፣ አላህ ይርሐማቸው፣ ሲሞቱ የአንድ ባንክ አክሲዮን ትተውላቸው ሄዱ። ባንኩ በተከፈተ ሰሞን ገዝተውት፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው አንዲት ሳይሸጡ ያቆዩትን። እህቶች ነበሯቸው፤ ስንት እንደሆኑ ተምታታብኝ፣ ሦስት ይሁኑ አራት። እህቶቹም የየድርሻቸውን በወንድማቸው እጅ አድርገው ውክልና ሰጡ። ምን ያድርጉ? አንዷ ሕፃን ታጠባለች፣ አንዷ ባሏን ተከትላ ውጭ አገር ናት። ትልቋ ደግሞ... ትልቋ ሞኝ ነበረች። 'ወንድሜ እያለልኝ እኔ በየገበያው ምን ያዞረኛል?' ብላ ቀድማ የፈረመችው እሷ ናት። እሷን ተያት፤ የእሷን ጉድ ሌላ ቀን አወራሻለሁ።

ሰውየው ግን ኃላፊነት የሚሰማቸው ናቸው። ሳይውሉ ሳያድሩ አንዲት የኢንቨስትመንት አማካሪ ዘንድ ሄዱ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ በእርጋታ ነው የምታስረዳው። 'አጎቴ፣ ገንዘባችሁ በሙሉ ያለው አንድ ባንክ ላይ ነው። እሱን አንድ ነገር ቢነካው ሁላችሁም አብራችሁ ትነካላችሁ። ሲሶውን እዚያው ተዉት። ሲሶውን የብዙ አገር ኩባንያዎችን አክሲዮን ባንድነት የሚይዝ ፈንድ ውስጥ አስገቡት። የቀረውን ትርፉ ትንሽ ቢሆንም የማያስደነግጥ ቦታ አስቀምጡት። ከዚያ በዓመት አንዴ እያያችሁ፣ የበዛውን ቀነስ፣ ያነሰውን ሞላ አድርጋችሁ ሚዛኑን ትጠብቃላችሁ' አለቻቸው። በትኑት ነው ነገሩ።

እሳቸውም በተኑት! የተነገራቸውን ሳያጓድሉ የሚፈጽሙ ሰው ናቸው። እሑድ እሑድ ከወንዶቹ ጋር ለጨዋታ የሚቀመጡበት ዲዋኒያ፣ ባለቤቱ የሲሚንቶ ኩባንያ ሊቀመንበር ነው፤ ከሱ ገዙ። የሰኞው ባለቤት ዓሣ የሚያረባ ኩባንያ አለው። የሰው ሻይ እየጠጡ፣ የሰው ትራስ ላይ ተደግፈው፣ ከሰውየው ኩባንያ አለመግዛት ነውር አይሆንም? ገዙ። የማክሰኞው የሠርግ አዳራሽ ያከራያል። የረቡዑ ደግሞ ቪላ ይሠራል፣ እዚህ እንዳይመስልሽ፣ ቦስኒያ ይሁን ጆርጂያ... እሳቸውም አገሩን ካርታ ላይ ፈልገው ያገኙት አይመስለኝም። ዓርብ የቤተሰብ ቀን ነው። በቤተሰብ ቀን ምንም አይገዙም።

ደግሞ እኩል እኩል! ከአንዱ የአሥር ሺህ ዲናር፣ ከሌላው የዘጠኝ ቢሆን ወሬው በሁለተኛው ቀን ይደርስና ሰው ይቀየማል። በረመዳን የሰውን ዲዋኒያ እየዞሩ ሲሳለሙ አንድ ደጃፍ እንደማይዘሉት ሁሉ፣ አክሲዮኑንም እንደዚያው አንድ ወዳጅ ሳይዘሉ። ሚዛን ይሉሻል ይኼ ነው! ልጅቷ ሚዛን ስትል ሌላ ነገር አስባ ሊሆን ይችላል... ልጅ ናት፣ ይሉኝታ መች ታውቃለች።

ፈንዱማ ቀረ። በእርግጥ እሳቸውንም እዘኚላቸው፤ ፈንድ ምኑ ይያዛል? ዲዋኒያ የለው። ሻይ አይቀዳ። ልጁን ሲድር አይጠራሽ። ስትገቢ ከመቀመጫው ተነሥቶ 'ና እዚህ ከጎኔ' አይልሽ። የማያውቁት ሰው በማያውቁት አገር ሠርቶ አተረፈ ተብሎ ደስታው ምን ላይ ነው?

ከዚያማ ሲሚንቶው ወጣ ቢሉሽ አይገልጸውም፤ የአንዷ አክሲዮን ዋጋ ከዘጠና ፊልስ ተነሥቶ መቶ ስልሳ ገባ። አማካሪዋ ሰምታ ደወለች። 'አጎቴ፣ አሁን ከእሱ ትንሽ ሸጥ አድርጉ፣ በዛ፤ ሚዛኑ እየተዛባ ነው' አለች። ሰውየው ምን አሉ? 'የሊቀመንበሩ ልጅ ሠርግ በዚህ ሳምንት ነው። ጠርቶኝ፣ አክብሮኝ፣ የሱን አክሲዮን ሸጬ ልቀርብ?' እውነታቸውን ነው፣ ምን ዓይን ይዘው ይቀርባሉ? ከሠርጉ በኋላ ደግሞ መውረድ ጀመረ። መቶ ሃያ... መቶ... ሰባ። ልጅቷ እንደገና ደወለች። 'ሰው በተከፋበት ሰዓት ጥሎት የሚወጣ ምን ዓይነት ወዳጅ ነው?' ብለው ስልኩን ዘጉባት። ታማኝነታቸውን አየሽው? ሲወጣ ለደስታው ብለው አይሸጡ፣ ሲወርድ ለሐዘኑ ብለው አይሸጡ። ዓሣዎቹማ... ባለፈው በጋ በሙቀቱ ስንት ገንዳ ዓሣ እንዳለቀ አልነግርሽም፤ ምሳው ገና አልወረደልንም።

ኧረ... እግሩ ተንቀሳቀሰ? አይ፣ ሕልም እያየ ነው። ሲተኛ ከልጅነቱም እግሩ አያርፍ። ቀስ ብለን እናውራ።

ይኼ ሁሉ የተገዛበት ገንዘብ ከየት መጣ ብትይኝ፣ ከባንኩ ነዋ! ሲሶው ይቀመጥ የተባለው መጀመሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቆይቶ የማክሰኞው ሰው አዲስ አክሲዮን አውጥቶ ካፒታል ሲያሳድግ ትንሽ ተቀነሰለት፣ የረቡዑ ሲያሳድግ ደግሞ ትንሽ። ባንክ አይቀየምማ! ብትሸጪው ሰላምታ አይነፍግሽ፣ በየሰው ቤት ስምሽን አያነሳ። አባትየው በየዓመቱ የትርፍ ድርሻ ሲመጣላቸው የአራት ሴት ልጆች የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚገዙበት ባንክ... ሦስት ይሁኑ አራት ብያለሁ፣ አታርሚኝ... የመጨረሻዋ አክሲዮን የዛሬ ሁለት ዓመት ተሸጠች። ዛሬ ዋጋው ስንት እንደገባ ልንገርሽ? ተይው፣ ይቅርብሽ። የገዛው ሰው በደስታ ይብላው። ለማያውቁት ሰው እንኳ እንዲህ የሚቸር እጅ ነው ያላቸው።

እና በቀደም ለእኚሁ ሰው ታናሽ እህት መሬት ወጣላት አሉ። አጋጣሚ ይገርማል፣ ልክ እንዳንቺው! ስሟ ጠፋኝ። 'ወንድሜ፣ ድርሻዬን ሸጠህ ስጠኝና መሠረት ላስቆፍር' ብትላቸው፣ 'አሁን ብንሸጥ ሰው ምን ይለናል? አክሲዮኑ ትንሽ ይረፍ፣ ታገሺ' አሏት። ትታገሥ እንጂ፣ ምን አለባት? አሥራ ስድስት ዓመት የታገሠች ሴት። ቀነ ገደቡ ቢያልፍባት አማቷ ቤት አለላት፤ ኮሪደሩም ሰፊ ነው፣ ገና ስንት ጫማ ይይዛል።

እኔን ግን ሆዴን የበላው ሌላ ነው። ይኼን ትልቋ እህታቸው ናት የነገረችኝ። 'ገንዘቡ አይደለም' ትላለች። 'ገበያ ይወጣል ይወርዳል፤ አባታችንም አንድ ጊዜ ከስሮ ያውቃል፣ ማንም አልተቆጣውም። አምስት ዓመት ሙሉ የእሑዱን ሰውዬ ፊት ሲፈራ፣ የሰኞውን ፊት ሲፈራ፣ እኛም ልንቀየም እንደምንችል ግን አንድ ቀን አላሰበም' ትላለች። ምን ያድርግ? እህቶቹ ዲዋኒያ የላቸውም። ሲገባ ተነሥተው ከላይ አያስቀምጡትም። ያላቸው የዓርብ ምሳ ብቻ ነው፤ እሱንም በልቶ ይተኛል... ይተኛሉ ማለቴ ነው፣ ሰውየው። ይኼን ስትነግረኝ አለቀሰች። እኔም አብሬ አለቀስኩ።

በይ ሻይሽ ቀዘቀዘ። ልትፈርሚ ነው? እህታችን ሙዲ ጠዋት ከውጭ አገር ደውላልኝ ነበር፤ ለካ እዚያ ብዕር የሚባል ነገር ጠፍቷል። ኑሪያችን ደግሞ ዓይኗን አሟታል፣ ፊደሉ አልታይ አላት። ውክልና የሚለውን ብቻ ነው አሉ የማታየው። የኔው ወረቀት ላይ ሻይ ፈሰሰበት። ሁለት ጊዜ። ሁለተኛው ቅጂ ላይም። የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ እኔ ደግሞ አትፈርሚ አልልሽም፣ በሰው ነገር መግባት አልወድም።

ብቻ እሑድ ጠዋት በአራት ሰዓት የዚያች አማካሪ ልጅ ዘንድ ቀጠሮ አለኝ። ውክልናው የሚያበቃው ቅዳሜ አይደል? ከእሑድ ጀምሮ ሁሉም የየራሱን ያያል ማለት ነው። ብቻዬን መሄዱ ከበደኝ፣ ብትሸኚኝ ምን ይመስልሻል? የኔን የቀረችውን ወደ ፈንዱ ታዛውርልኝ፤ ሻይ ባይቀዳልኝም እችለዋለሁ። ያንቺን ትሽጥልሽ። በሰባ ፊልስም ቢሆን መሠረቱንና የመጀመሪያውን ወለል ያወጣል፣ አስልቻለሁ፤ ለጣራው እኔም ሙዲም አለንልሽ። ሊቀመንበሩ እንዳይቀየም ደግሞ ሲሚንቶውን ከሱ እንገዛለታለን።

አጣጠፍሽው? ሳትፈርሚ?... እንዳልሽ። እኔ ምንም አላልኩም።

በይ እንግዲህ፣ ወንድማችን ሳይነቃ ዱዓ እናድርግለት። ክፉ ሰው እኮ አይደለም፣ ታውቂያለሽ። ልጅ ሆነን የራሱን ጣፋጭ ለጎረቤት ልጆች አድሎ ባዶ እጁን የሚገባ ልጅ ነበር። የኛንም ጨምሮ አድሎ። እጅሽን ዘርጊ።

ያ ረቢ፣ ለወንድማችን ዕድሜና ጤና ስጠው። ወዳጆቹን አብዛለት፣ በገባበት ሁሉ የክብር ቦታ አታሳጣው። ሦስቱን ሴት ልጆቹን በሰላም አሳድግለት፣ ለወግ ለማዕረግ አብቃለት። ያ ትንሹ ወንድማቸውም ይደግላቸው፤ መልኩን ብቻ ሳይሆን ጠባዩንም ቁርጥ አባቱን አድርገው። ደግ፣ ይሉኝታ የሚያውቅ፣ ሰው የማያስቀይም። ከዕለታት አንድ ቀን እነዚያ ሦስት ሴት ልጆች ያላቸውን ሁሉ በሱ እጅ አኑረው፣ አባቱ ለእህቶቹ እንዳደረገው፣ ምንም ሳያጎድል እንዲሁ ያድርግላቸው። አሚን በይ ሰቢካ።

ውይ፣ ነቃህ እንዴ ወንድም ዓለም? ምነው ፊትህ እንዲህ ቀላ? ለልጆችህ ዱዓ እያደረግን ነበር እኮ... አሚን አትልም?