የጋረደው ቢጫ አውሮፕላን

(ቢሾፍቱ ዳርቻ፣ ድሮ ዶሮ ይረባበት በነበረ አዳራሽ ውስጥ። ጡረታ የወጣው የአውሮፕላን መካኒክ ጋረደው፣ በሣጥን ተፈታትቶ የመጣለትን ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን ገጣጥሞ ጨርሷል። ፊቱ የቆመችው የቀድሞ ሚስቱ ውድነሽ ናት፤ ሥራዋ አብራሪነት ነበር፣ ለዓመታት የጥጥ ማሳ ላይ መድኃኒት ስትረጭ ኖራለች።)

ውድነሽ፦ አልፈርምም አልኩህ እኮ።

ጋረደው፦ አንዲት ፊርማ ነው የለመንኩሽ። ማክሰኞ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪዎቹ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ለሙከራ የሚያበራት ማነው?» ብለው ነው። ማንን ልጥራ?

ውድነሽ፦ ዶሮ ጥራ። ቤቱም የነሱ ነበር።

ጋረደው፦ ዶሮ አይበርም።

ውድነሽ፦ እኔም በዚህ አልበርም። ሽታው ራሱ ገና አልለቀቀም።

ጋረደው፦ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ኖራ ቀብቼዋለሁ።

ውድነሽ፦ ግድግዳውን አላልኩም። ሞተሩ ኩስ ኩስ ይሸታል።

ጋረደው፦ ሞተሩን እንኳ አትንኪብኝ። እሱን ለመግጠም ብቻ ዐሥር ወር ነው የፈጀብኝ። ዘይት ማቀዝቀዣው፣ የነዳጅ መስመሩ፣ ሽቦው፣ ሁሉም በዚህ እጅ ነው ያለፈው። እያንዳንዱን ብሎን አጥብቄ ቀይ ምልክት አድርጌበታለሁ። ጎንበስ ብለሽ እዪ።

ውድነሽ፦ አየሁ። ሽቦውን እንደ ሹሩባ ነው የጎነጎንከው። የኔን ፀጉር አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብትነካልኝ ምን ነበረበት?

ጋረደው፦ ያንቺ ፀጉር መመሪያ አልነበረውም።

ውድነሽ፦ ነበረው። አላነበብከውም። ይሄ የነዳጅ ጎማ ጭስ ማውጫው አጠገብ ምን ይሠራል?

ጋረደው፦ አራት ጣት ይርቃል። ሙቀት መከላከያም አልብሼዋለሁ። ሌላስ?

ውድነሽ፦ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ወደ ላይ ሰቅለህ ነዳጁ በደንብ መውረዱን ለክተሃል?

ጋረደው፦ ለክቻለሁ።

ውድነሽ፦ መቼ?

ጋረደው፦ ባለፈው።

ውድነሽ፦ ጋረደው፣ ሃያ ሁለት ዓመት አብሬህ ኖሬአለሁ። አንተ «ባለፈው» ካልክ አልተደረገም ማለት ነው። የኩሽናውን ጣራም «ባለፈው» ነበር የጠገንከው፤ ክረምቱን ሙሉ በጃንጥላ ወጥ ሠርቻለሁ።

ጋረደው፦ ሞተሩ እኮ ከሁለት ሳምንት በፊት ተነሥቶ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሠርቷል። ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል። አንዱማ ወፍጮ ቤት የከፈትኩ መስሎት እህል ይዞ መጣ።

ውድነሽ፦ መሬት ላይ ቆሞ ሁሉም ይሠራል። እኔ ሽቅብ ስወጣስ? ክሪኩን አምጣ። ሲጋራህንም ወዲያ በል።

ጋረደው፦ አልለኮስኩትም።

ውድነሽ፦ ከአፍህ አውጣው። በል፣ ከፍ አድርጋት። ትንሽ ጨምር። ያንን ሣጥን ከሥሯ አስገባ።

ጋረደው፦ ወገቤ።

ውድነሽ፦ ወገብህን ፍርድ ቤት ስንቆምም ሰምቼዋለሁ። አሁን ጎማውን ከካርቡሬተሩ ንቀልና ጀሪካኑ ውስጥ አስገባው። ሰዓት እኔ እይዛለሁ። የነዳጁን መዝጊያ ክፈት።

ጋረደው፦ ይኸው። እንደ ቧንቧ ውኃ ነው የሚወርደው።

ውድነሽ፦ ዝም ብለህ ያዝ።

ጋረደው፦ ደቂቃ ሞላ? ሞተሩ ከሚፈልገው እጥፍ ወርዷል። ልዝጋው?

ውድነሽ፦ ምን አስቸኮለህ? ይውረድ።

ጋረደው፦ ቤንዚኑ እኮ ባከነ።

ውድነሽ፦ ጀሪካን ውስጥ ነው ያለው፣ መልሰህ ትሞላዋለህ። ጋረደው።

ጋረደው፦ አየሁት።

ውድነሽ፦ ቀጠነ።

ጋረደው፦ አየሁት አልኩሽ።

ውድነሽ፦ አሁን ደግሞ ጠብ ጠብ ነው። ሦስት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ። በረራ ላይ ነኝ እንበል፤ ሜዳውን ለቅቄያለሁ፣ ቤቶቹን አልፌያለሁ፣ ሐይቁ መሐል ነኝ። ሞተሩ ጸጥ አለ። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ሞተር ቆሞብኝ ጥጥ ላይ ወርጃለሁ። ሐይቅ ግን ጥጥ አይደለም።

ጋረደው፦ ማጣሪያው ይሆናል።

ውድነሽ፦ ማጣሪያው ቢሆን ከመጀመሪያውም ይቀጥን ነበር። የታንኩን ክዳን ክፈተው እስቲ።

ጋረደው፦ ሰማሽ?

ውድነሽ፦ ሰማሁ። እንደታፈነ ሰው አየር ሳበ። ጎማውን እይ።

ጋረደው፦ መልሶ ወረደ።

ውድነሽ፦ ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ሊኖር አይገባም?

ጋረደው፦ አለው።

ውድነሽ፦ የቱ ጋ?

ጋረደው፦ እዚህ ጋ። እዚህ ጋ ነበረ።

ውድነሽ፦ እኔ ቢጫ ቀለም ነው የሚታየኝ።

ጋረደው፦ ቅዳሜ ነው የቀባኋት። እንዲያምር ብዬ ደገምኩት።

ውድነሽ፦ አሳምረህ አፈንካት።

ጋረደው፦ አርባ ዓመት የሰው አውሮፕላን ስጠግን አንዲት ብሎን ረስቼ አላውቅም። አንዲት። የረሳሁ ቀን ደግሞ...

ውድነሽ፦ ያኛው ሣጥን ላይ ተቀመጥ።

ጋረደው፦ አንቺን እኮ ነበር የማስቀምጥባት።

ውድነሽ፦ ለዚህም ነው የምጠይቅህ። ይህችን ልኬት ከሥርህ የነበሩ ልጆች ቢዘሏት በመፍቻ ነበር አናታቸውን የምትላቸው። አንተ ለምን ዘለልካት?

ጋረደው፦ ማክሰኞ ሰዎቹ...

ውድነሽ፦ ማክሰኞን ተወው። ሰዎቹ ሌላ ማክሰኞም ይመጣሉ።

ጋረደው፦ አዜብ ደውላልኝ ነበር።

ውድነሽ፦ ልጄ መቼም ወሬ አይቋጠርላትም።

ጋረደው፦ ልጃችን። «እማዬ በሚቀጥለው ሳምንት ጓዟን ጠቅልላ እኔ ጋ ባሕር ዳር ልትገባ ነው» አለችኝ።

ውድነሽ፦ ከዚያስ?

ጋረደው፦ ከዚያማ ቀለም ቀባሁ።

ውድነሽ፦ ሌላ ሰው ቢሆን ስልክ ይደውላል።

ጋረደው፦ ደውዬ ምን ልበል? ከተፋታን ወዲህ ሰባት ዓመት የምልሽ ጠፍቶኝ ነው ይህችን የሠራሁት። የግራውን ወንበር እንኳ በአንቺ ቁመት ነው የገጠምኩት።

ውድነሽ፦ አይቻለሁ። እግሬን አስረዝመኸዋል።

ጋረደው፦ በትዝታ ነው የለካሁት።

ውድነሽ፦ እና አሁን ምን ይሁን?

ጋረደው፦ አትፈርሚም። እኔም አላስፈርምሽም። ይህችን ቀዳዳ የሳተ ዐይን ሌላም ስቶ ይሆናል። ሞተሩን አውርጄ ከመጀመሪያው እፈትሻለሁ፤ ሁለት ወር ይፈጃል። ለሰዎቹ አልደረሰችም እላለሁ። አንቺ በሰላም ሂጂ።

ውድነሽ፦ ብቻህን ልታወርደው?

ጋረደው፦ ማን አለኝ?

ውድነሽ፦ ብቻህን ከተውኩህ ካንዴላውንም ቢጫ ትቀባዋለህ።

ጋረደው፦ ታዲያ ምን ላድርግ?

ውድነሽ፦ ክዳኑን ወዲህ በል፣ ቀዳዳውን እኔ እከፍተዋለሁ። አንተ ለአዜብ ደውልና እንደማልመጣ ንገራት፤ እኔ ብነግራት ለምን ትለኛለች።