ጥቁሯ ፍሬ የደረሰችው ሰው

እንደምን ዋላችሁ። ቁጭ በሉ፣ ለእኔ መነሳት አያስፈልግም። ላቀው ነኝ፣ የበሩ ዘበኛ። የማታውቁኝ እንግዶች ካላችሁ፣ ስትገቡ ጃንጥላችሁን ውጭ ያስተዋችሁ ሽማግሌ ነኝ። በዕድሜ ዛሬ የምንሸኘውን ኢዮስያስን እበልጠዋለሁ፤ ግን እሱ ጡረታ ወጣ፣ እኔ አለሁ። መቼ እንደተወለድኩ የሚያውቅ ስላልተገኘ የሚያስወጣኝ ጠፍቶ ነው። ማንበብም መጻፍም አልችልም፣ አላፍርበትም። ናርዲ እዚያ ጥግ ተቀምጣ የምናገረውን እየጻፈች ነው። ልጄ፣ እንዳታለሳልሺው ብዬሻለሁ። ከአፌ እንደወጣ አስቀምጪው።

ኢዮስያስ ወደዚህ ቡና ማበጠሪያ የመጣ ቀን መጀመሪያ ያገኘው እኔን ነው። ክረምት ነበር፣ ዝናቡ ይወርዳል። በሩን የሚያህል ሰው ፍራሽ ተሸክሞ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በላስቲክ ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ቆሟል። "ማን ትባላለህ?" አልኩት። "ኢዮስያስ" አለኝ። "ስምህን ንገረኝ ነው ያልኩህ፣ ምዕራፍ ጥቀስልኝ አላልኩም" አልኩት። ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ይቅርታ ጠየቀኝ። ስሙ ስለከበደኝ ይቅርታ። አሳልፌው ሲገባ የመጋዘኑ ጉበን ግንባሩን መታው፤ ጉበኑንም ይቅርታ ጠየቀው። በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ኬሻ ከትከሻው ሲንሸራተት ይቅርታ ነው። መኪና ወደ ኋላ ሲመጣበት ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው። ቆንጂት፣ ይችው ፊት ለፊት የተቀመጠችው የለቃሚዎቹ አለቃ፣ "ይህ ሰው ቡናውንም ስለምንቆላህ ይቅርታ ሳይል አይጭነውም" ትል ነበር። ሻዩን ታውቃላችሁ፣ ስኳሩ ካልተቆለለ ሻይ አይመስለውም። መዝሙሩንም ታውቃላችሁ። ሲሸከም ስለሚዘምር ሙስሊሞቹ ጫኞች ሳይቀሩ በቃላቸው ይዘውታል። አንዱን በረመዳን ሲያንጎራጉረው ሰምቼ "ምን እያልክ ነው?" ብለው "አባባ፣ ያለሱ ኬሻው አይነሳልኝም" አለኝ።

እሺ፣ ሳቃችሁ። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ላስቃችሁ አይደለም። ተቆጥቻለሁ።

ሥራ አስኪያጃችን አይቀየሙኝ፤ ጋቢው ጥሩ ነው፣ ይሞቃል። የግድግዳ ሰዓቱን ግን ማን እንዳሰበው አላውቅም። ሥራ ለሚተው ሰው ሰዓት። ደግሞስ የሚሰቅልበት ግድግዳ የታለ? አታውቁም እንዴ? ነገ ጠዋት ይህ ሰው ከሚስቱ ከጸጋ ጋር አውቶቡስ ተሳፍሮ አገሩ ዱራሜ ሊገባ ነው። ላይመለስ። ልጆቹ የተወለዱት እዚህ ነው። የሚያመልክበት ቤተ ክርስቲያን እዚህ ነው። ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ጭቃውን በገዛ እጁ የመረገው ቤት እዚህ ነው። እሱን ሁሉ ትቶ የሚሄደው የሰፈሩ እድር አንቀበልህም ስላለው ነው።

እድር የሌለው ሰው ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ሲሞት ድንኳን የሚተክልለት የለም፣ የሚሸከመው የለም። ጸጋ አንድ ቀን "እኔ ብሞት እዚህ ከተማ ማን ያነሳኛል?" አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ዕቃ ማሰር የጀመሩት።

እድሩ ያልተቀበለው ለምን መሰላችሁ? ክፉ ሰው ነው ተብሎ። ኢዮስያስ። ጉበኑን ይቅርታ የጠየቀው ኢዮስያስ።

ለማያውቅ እንግዳ ከሥሩ ልናገር። ማበጠሪያው ገና የመንግሥት ሳለ፣ ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ነው። ጊንጆ ቪዲዮ ቤት ተከፈተ። ካራቴው ሲሰለቸን ሬስሊንግ፣ የፈረንጆቹ ትግል፣ መጣ። እሁድ ከሰዓት ጫኝ በሙሉ እዚያ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ይውላል፤ ግማሹ የአንዱ፣ ግማሹ የሌላው ደጋፊ ሆኖ ሰኞ ኬሻ አልቀባበልም ይባባላል። አንድ ቀን የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት "ይሄ የዓመቱ ትልቁ ግጥሚያ ነው። በአገራቸው ይህን ለማየት ቤቱ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ለብቻው ይከፍላል" አለን። ወንድወሰን ያን ጊዜ ጎረምሳ ጫኝ ነበር። "እኛስ ምን ያንሰናል?" ብሎ ተነሳ።

ምንም አላነሰንም። ቡናው ተበጥሮ ተጭኖ ሲያልቅ መጋዘኑ ባዶ ይሆናል። ገለባ የሞላ ኬሻ ደረደርን፣ ሸራ አለበስነው፣ ዙሪያውን የጭነት ገመድ ወጠርን። ገቢው ለታመመ ሠራተኛ መረዳጃ ይሁን ተባለ። በበር የሚገባ ይከፍላል። በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ የሚያይም ይከፍላል፤ ለዚያ ቆንጂትን ውጭ አቆምናት። ዓይኑን ቀዳዳው ላይ የለጠፈውን ሁሉ ትከሻውን እየነካች ታስከፍለው ነበር። ከአጋሮ፣ ከሰቃ ሰው በጭነት መኪና ተጭኖ ይመጣል። በየዓመቱ፣ መጋዘኑ ባዶ በሆነ ቁጥር፣ ቡና ከተጫነ በኋላ የሚጠበቅ በዓል ሆነ።

ያለ ክፉ ግጥሚያ አይሆንም። ክፉ የሚሆን ደግሞ ጠፋ። ሁሉም ጀግና መሆን ፈለገ፣ ሚስቱና አማቱ ሊያዩት ነዋ። ስለዚህ በኛው ሥራ ዕጣ ጣልን። ከረጢት ውስጥ ንጹሕ ቡና አድርገን፣ ለቃሚዎቹ የሚጥሏትን ጥቁር ፍሬ አንዲት ቀላቀልንበት። ጥቁሯ የደረሰችው ክፉ ይሆናል። ኢዮስያስ ያንን የሚያህል እጁን ሰደደና እሷኑ ይዞ ወጣ። በዓመቱ ዕጣው ይደገም ስንል "ተዉት፣ እኔው ልሁን። ለምን ሌላ ሰው ይጠላል?" አለ። ዕጣ ተጥሎ አያውቅም ከዚያ በኋላ።

ወንድወሰን የአጋሮ ነብር ተባለ፣ ኢዮስያስ የቦዬ ረግረግ ጉማሬ። እኔ የዘበኛ ፊሽካ ስላለኝ ዳኛ ሆንኩ። ሕግም አወጣን። ከመጋዘኑ ውጭ ስለ ስምምነታችን ማንም ትንፍሽ አይልም። ክፉው ክፉ ነው፣ አያስተባብልም። ጉማሬው አግዳሚ ወንበር ሊያነሳ ሲል እኔ ጀርባዬን አዙሬ ከሕዝቡ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ሕዝቡ "አባባ፣ ዙር፣ ከኋላህ ነው" እያለ በአማርኛም በኦሮሚኛም ይሰድበኛል፤ እኔ አልሰማም። ያ አግዳሚ ከስስ ሳንቃ በኮላ የተጣበቀ ነው፣ ዶሮ ብትቆምበት ይፈርሳል። ከመምታቱ በፊት ደግሞ ኢዮስያስ በወንድወሰን ጆሮ የሚያንሾካሹከውን የምሰማው እኔ ብቻ ነበርኩ። "ይቅርታ ወንድሜ፣ አሁን ልመታህ ነው፣ ተዘጋጅ" ይለዋል።

እናንተስ? ቆንጂት ጫማዋን አውልቃ ወረወረችበት። ሰኞ ጠዋት ጫማዋን አጥቦ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣላት። ውሸት ነው ቆንጂት? እንግዲያው አንገትሽን አትድፊ፣ ቀና በይ፤ ከሌላው አንቺ ትሻያለሽ፣ ቢያንስ ጫማሽን ስትቀበይ አልቅሰሻል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ምኑ እንደሆነ ልንገራችሁ። ፈረንጆቹን ቪዲዮ ቤት ስታዩ "ውሸታቸውን ነው፣ ተስማምተው ነው" ትሉ የነበራችሁት እናንተ ናችሁ። ያንን የማታውቁትን፣ ባሕር ማዶ ያለውን ሰው ጨዋታውን እንደሆነ አወቃችሁ። ኬሻችሁን የሚሸከምላችሁን፣ ልጃችሁ ሲታመም ጤና ጣቢያ አዝሎ የሚያደርስላችሁን ሰው ግን የምሩን ነው ብላችሁ አመናችሁ። ኢጆሌ ጂማ፣ የጂማ ልጆች፣ ይሄ ያሳፍራል።

የመጨረሻው ግጥሚያ ላይ ስምምነታችን ወንድወሰን ከገመዱ ላይ እንዲዘል ነበር። ሰው ሲያጨበጭብለት ጊዜ ልቡ አበጠና ጥግ የተከመረው ኬሻ ጫፍ ላይ ወጣ። ከዚያ ዘለለ። ሸራውን አልፎ የሚያርፈው ሲሚንቶው ላይ ነበር። ያን ጊዜ ጀርባዬን አላዞርኩም፣ አይቻለሁ። ኢዮስያስ ከሸራው ወርዶ ከሥሩ ገባለት። ሁለቱም ተከሰከሱ፣ ገለባው ብናኝ አስነሳ። ብናኙ ሲገለጥ ሕዝቡ ያየው ወንድወሰን ትከሻው ወልቆ ሲጮህ፣ ጉማሬው ደግሞ አንቆ እንደያዘው ነው። አቅፎት ነበር። "ሰበረው" ተባለ። ከሰቃ እስከ አጋሮ "ሰበረው"። ትከሻውን ወጌሻ አሸው፣ እንደ ድሮው ግን አልሆነም፤ ከጫኝነት ወደ ሚዛን ተዛወረ። ግጥሚያውም በዚያው ቀረ።

ከዚያ በኋላ ወንድወሰን አጋሮ ሲገባ ሻይ ይጋበዛል። ኢዮስያስ ጊንጆ ውስጥ ሲያልፍ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ደጃቸው ይጎትታሉ። "ለምን አትናገርም?" አልኩት። "ሕጉን አብረን አይደል ያወጣነው አባባ?" አለኝ። "እሱ ሕግ ሞቷል" ስለው "ልጁ ትከሻውን አጥቷል። ስሙንም ልቀማው?" አለ።

ባለፈው ወር እድሩ እምቢ ማለቱን ስሰማ ሊቀመንበሩ ቤት ሄድኩ። አቶ ተክለጻድቅ፣ እዚህ ስላሉ በፊትዎ ልናገር፤ ከሄዱ በኋላ ከማማት ይሻላል። ዳኛው እኔ ነበርኩ፣ እመሰክርለታለሁ አልኳቸው። አክብረው አስቀመጡኝ፣ እውነቱን ለመናገር። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

"አባባ ላቀው፣ እርስዎ ሁልጊዜ ጀርባዎን አዙረው ነበር። ያላየ ሰው ምን ብሎ ይመሰክራል?"

ጀርባዬን ያዞርኩት ለእናንተ ደስታ ነበር፤ እሱኑ አንስታችሁ መታችሁኝ። የሃይማኖት ጉዳይ ቢሆን ዝም እል ነበር። አይደለም። እዚያ እድር ውስጥ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ጴንጤውም አብሮ ይቀብራል። ሰውዬውን ያስከለከለው አግዳሚ ወንበር ነው። በኮላ የተጣበቀ አግዳሚ።

ወንድወሰን፣ ተነስ። ትናንት በር ላይ መጥተህ ለእኔ የነገርከኝን እዚህ ተናገር። እኔ ብናገረው ጀርባውን ያዞረ ሰው ነው የተናገረው። ተነስ እንጂ፣ እግርህ አልተሰበረ።

ተነሳ። ናርዲ፣ ይህንንም ጻፊው።

"ከስምምነታችን ውጭ የዘለልኩት እኔ ነኝ" አለ። "ከሥሬ ባይገባ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር። እሱም የጎን አጥንቱ ተሰብሮ በጨርቅ አስሮ ነው ሰኞ ሥራ የገባው። ዝም ያልኩት 'ነብሩ መጣ' ሲሉኝ ደስ ስለሚለኝ ነው።"

ሰማችሁ። ተቀመጥ፣ ልጄ። ልሰድብህ አስቤ ነበር የመጣሁት፤ ቆመህ ስለተናገርክ ትቼዋለሁ።

አቶ ተክለጻድቅ፣ የተሰበረው ራሱ መሰከረ። ከዚህ በላይ ምስክር የት ላምጣልዎ? ... እሺ፣ እሳቸውም ተነሱ። ዝም በሉ፣ እንስማቸው።

"አቶ ኢዮስያስ፣ የእድሩ ጉባኤ እሁድ ነው፤ እኔው ቆሜ አስረዳለሁ" አሉ። "ነገ ጠዋት ግን ሰፈራችን ለቅሶ አለ። የድንኳኑ ብረት ከባድ ነው፣ ሸካሚ አንሶናል። ይመጣሉ ወይ?"

እንግዶች፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገባችሁ? እድር ድንኳኑን የሚያሸክመው የራሱን ሰው ነው። የውጭ ሰው ብረቱን አይነካም። አውቶቡሱም ነገ ጠዋት ነው፤ ሁለቱ ቦታ አንድ ሰው አይገኝም። ኢዮስያስ ጸጋን እያየ ነው። አንተን አይደል እንዴ የጠየቁህ?

ጸጋ መለሰችለት። "ይመጣል" አለች። አይዞሽ እህቴ፣ ዓይንሽን ጥረጊ።

እንግዲህ ኢዮስያስ፣ አሁን ወደ አንተ ልዙር። ወባ ጥሎኝ ሳለ ቀን ስትሸከም ውለህ በኔ ፈንታ በር የቆምከው አንተ ነህ፤ ለሥራ አስኪያጁ "ላቀው ውስጥ ነው ያለው" ብለህ በሕይወትህ አንድ ጊዜ የዋሸኸው ለእኔ ነው። የአጋሮ ለቅሶ ሲሆን፣ የሰቃ ሠርግ ሲሆን፣ ያልጠሩህም ጋ ሄደህ ውኃ ቀድተህ እንጨት ፈልጠሃል። ያ ግጥሚያ ባስገባው መረዳጃ የታከመ ሠራተኛ እዚህ ውስጥ ሞልቷል፤ ሁሉም የዳነው አንተ በተጠላህበት ነው። ማንም አላመሰገነህም። እኔም ብሆን እስከ ዛሬ በሰው ፊት አላልኩትም። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ገለቶሚ። እኔ የማውቀው ቃል እዚህ ድረስ ነው።

አሁን ብርጭቆ አንሱ። ቢራችሁን አስቀምጡ፤ ሰውዬው አይጠጣም፣ ለአንድ ጊዜ ለስላሳ ብትጠጡ አትሞቱም። አቶ ተክለጻድቅ፣ ከዚያ ጥግ ይምጡና አጠገቡ ይቁሙ። ወንድወሰን፣ አንተም በደህናው እጅህ አንሳ።

ኢዮስያስ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥህ። ጸጋን ያኑርልህ። የሠራኸው ቤት ጭቃው ሳይረግፍ የልጅ ልጅህን ያሳድግ። ሞት እንኳ ሲመጣ ከጎረቤቶችህ መሃል ያግኝህ።

ለጤናችን። ጠጡና በጊዜ ወደየቤታችሁ ግቡ፤ ነገ ማለዳ ድንኳን የሚሸከም ሰው አታስመሹብኝ።